ስለ ኦፍሴት ፕሌትና ስለ ስስ ጥላ አጠባበቅ

የኅትመት ጥበብ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ የጸሐፊው ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጥቁሩ ያዘነብላል። ፊደሉ እንዴት እንደ ተቀረጸ፤ መኪናው በሰዓት ስንት ሺህ ወረቀት እንዳወጣ፤ ቀለሙ እንዴት እንደ ደመቀ ይነገራል። ይህ ጽሑፍ ግን የሚመለከተው ተቃራኒውን ጫፍ ነው፤ ይኸውም በታተመ ሥዕል ውስጥ ከባዶው ወረቀት ለጥቂት ብቻ የሚለየውን፤ ቀለም አለበት ለማለት እንኳ የሚያጠራጥረውን ስስ ጥላ ነው። ይህን ስስ ጥላ በመጀመሪያ በድንጋይ፤ በኋላም በኦፍሴት ፕሌት ላይ ሳያጠፉና ሳያጠቁሩ ለማኖር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተደክሞበታል። የድካሙን መንገድ ከመነሻው ጀምረን እንከተላለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጉዳዩ የባለሙያዎች ጥቃቅን ጭንቀት ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፤ ነጭ ሸማ የለበሰ ሰው ፎቶግራፍ የታተመበትን አንድ ገጽ አንሥቶ ይመልከት። የሸማው እጥፋት፤ የድሩና የማጉ አቀማመጥ፤ ጨርቁ ከትከሻ ላይ ሲወርድ የሚያሳየው ክብደት፤ ይህ ሁሉ የሚታወቀው በስሱ ጥላ ነው። ፕሌቱ ስሱን ጥላ ካልያዘ ሸማው ጨርቅ መሆኑ ይቀርና በሰው ቅርጽ የተቀደደ ባዶ ወረቀት ይመስላል። ጥላውን አብዝቶ የያዘ እንደ ሆነ ደግሞ ሸማው ውሃ ያልነካው ይሆናል። የሽማግሌ ሽበት፤ ደመና ያለበት ሰማይ፤ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ እንዲሁ ናቸው። ከዚህም በላይ፤ የታተመ ፎቶግራፍን እንደ ታሪክ ማስረጃ የሚመረምር ተማሪ በሥዕሉ ላይ ባዶ ሆኖ የሚያገኘው ነጭ ስፍራ ካሜራው ያላየው ይሁን ወይስ ፕሌቱ የበላው መለየት ይገባዋል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። የመጀመሪያው ስለ ዘመኑ ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ማተሚያ ቤቱ።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ በዚህ ጥበብ ውስጥ ነጩን የሚያጸዳው ነገር ሁሉ ስሱን ይበላል። አሲድ ይሁን፤ ብርሃን ይሁን፤ ማጠቢያ ይሁን፤ ባዶውን ስፍራ ከእድፍ የሚጠብቀው ኃይል ራሱ ትንሿን ነጥብ ያጠፋታል። ስለዚህ የፕሌት አሠራር ታሪክ ከድንጋይ ወደ ዚንክ፤ ከዚንክ ወደ አሉሚኒየም የተደረገ ጉዞ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ይህ ድርድር የሚካሄድበት ቦታ በየዘመኑ ሲለዋወጥ የኖረበትም ታሪክ ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ነጥቡ መጠን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ኦፍሴት ማለት ቀለሙ ከፕሌቱ በቀጥታ ወደ ወረቀት ሳይሄድ በመጀመሪያ ወደ ላስቲክ፤ ከላስቲኩም ወደ ወረቀቱ የሚተላለፍበት ስልት ነው። ፕሌቱ እንደ እርሳስ ፊደል ጎርበጥ ያለ አይደለም። ሥዕል ያለበትም ባዶውም ክፍል በአንድ ደረጃ ላይ ይገኛሉ፤ የሚለያያቸው አንዱ ቅባትን፤ ሌላው ውሃን መውደዱ ነው። መኪናውም ቀለም መስጠትና መከልከል እንጂ ቀለሙን ማቅጠን አያውቅም። ግራጫው የሚገኘው ሥዕሉ በጥቃቅን ነጥቦች ሲከፋፈል ነው፤ ነጥቦቹ ሲተልቁ ጥላው ይከብዳል፤ ሲያንሱ ይሳሳል።

በሴንቲሜትር 60 መሥመር ያለው መረብ በመጽሔት ሥራ የተለመደ ነው። በዚህ መረብ ከአንዱ ነጥብ መካከል እስከ ቀጣዩ ነጥብ መካከል ያለው ርቀት 167 ማይክሮን ያህል ነው፤ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የስፍራውን 2 በመቶ የሚሸፍን ክብ ነጥብ ወርዱ 27 ማይክሮን ገደማ፤ 1 በመቶ የሚሸፍነው ደግሞ 19 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ተራ የሰው ጸጉር ከሁለቱም ይወፍራል። እንግዲህ ፕሌቱ ሲሠራ ከእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ 3 ማይክሮን ብቻ ተላጨ እንበል። የ50 በመቶው ነጥብ ከ133 ማይክሮን ወደ 127 ይወርዳል፤ ከስፋቱም የሚያጣው ከመቶ 9 እጅ ገደማ ነው። የ2 በመቶው ነጥብ ግን ከ27 ወደ 21 ሲወርድ ከስፋቱ 40 በመቶ ያህል ያጣል፤ የ1 በመቶውም ከግማሹ የሚበልጠውን ያጣል፤ ብዙ ጊዜም ፈጽሞ ይጠፋል። በመካከለኛው ጥላ ላይ ማንም የማያስተውለው ጉዳት በስሱ ጥላ ላይ የመኖርና ያለመኖር ጥያቄ ይሆናል ማለት ነው። ደግሞም ነጥቡ በሚያልቅበት ድንበር ላይ ዓይን አንድ መሥመር ያያል፤ ጉንጭ ወይም ሰማይ በቀስታ መንጣት ሲገባው በድንገት ይቆረጣል።

ነገሩ የተጀመረው ከድንጋይ ነው። አሎይስ ዜነፌልደር በ1771 በፕራግ ተወልዶ በሙኒክ የኖረ ተውኔት ጸሐፊ ነበር። ድርሰቶቹን በርካሽ ለማሳተም መንገድ ሲፈልግ ከ1796 ጀምሮ በኖራ ድንጋይ ላይ ሙከራ አደረገ፤ ቅባትና ውሃ የማይስማሙ መሆናቸውን መሠረት በማድረግም ሊቶግራፊ የተባለውን ስልት አገኘ። እርሱ ራሱ ስልቱን ኬሚካዊ ኅትመት ይለው ነበር፤ ስያሜው ትክክል ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ሥራ ላይ የሚወስነው ከመቅረጫው ብረት ይልቅ የቅባቱና የአሲዱ ሚዛን ነው።

ድንጋዩ በአሸዋ እየተፈገፈገ ጥቂት እንዲሻክር ይደረጋል። ሠዓሊው በቅባታማ እርሳስ ሲሥልበት፤ እጁን የጫነ እንደ ሆነ እርሳሱ ወደ ጎድጓዳው ሁሉ ይገባል፤ እጁን ያቀለለ እንደ ሆነ ጫፍ ጫፉን ብቻ ነክቶ ያልፋል። ስለዚህ ስስ ጥላ በነጥብ የመሠራቱ ነገር ከፎቶግራፍ በፊት የነበረ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ናይትሪክ አሲድ ጠብ ጠብ በተደረገበት ሙጫ ይቀባል። ይህ ቅባት ባዶውን ስፍራ ውሃ ወዳድ ያደርገዋል፤ ቀለም እንዳይዝም ይጠብቀዋል። አሲዱ ሲበረታ ነጩ እንደ መስታወት ይጠራል፤ ነገር ግን በቀላል እጅ የተሠራው ጥላ ከሥሩ ተነቅሎ ይሄዳል። አሲዱ ሲላላ ስሱ ጥላ ይድናል፤ ከጥቂት መቶ ቅጂ በኋላ ግን ነጩ ማደፍ ይጀምራል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሊቶግራፊ ሠሪ አንዱን ድንጋይ በአንድ ዓይነት አሲድ አይቀባም ነበር፤ ለጨለማው ክፍል ጠንከር ያለውን፤ ለብሩሁ ክፍል ለስለስ ያለውን በብሩሽ ለይቶ ይሰጥ ነበር። ስለ ስስ ጥላ አጠባበቅ የምናውቀው የመጀመሪያው ዘዴ ይህ ነው፤ ሙሉ በሙሉም በእጅና በዓይን የቆመ ነበር።

ፎቶግራፍ ሲመጣ ሠዓሊው ከመካከል ወጣ፤ ችግሩ ግን ቀረ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1852 ባወጣው ፓተንት ውስጥ ጥላን ለመከፋፈል ሥዕሉ በስስ ጥቁር ጨርቅ በኩል ብርሃን እንዲመታው አሰበ። ፈረንሳዊው አልፎንስ ፕዋትቫን በ1855 ባይክሮሜት ከተባለ ጨው ጋር የተደባለቀ የእንቁላል ነጭ ወይም ጀላቲን ብርሃን ሲመታው እንደሚጠነክርና ቅባታማ ቀለም እንደሚይዝ ተጠቅሞ ፎቶግራፍን ወደ ድንጋይ አስተላለፈ። የጨርቁ ሐሳብ ወደ መስታወት ሲዞር ጊዜ ወሰደ። ጌዮርግ ማይዘንባኽ በ1882 በሙኒክ ባለ አንድ አቅጣጫ መሥመር መስታወት እየዞረ የሚሠራበትን ስልት ፓተንት አስወጣ፤ በአሜሪካ ፍሬደሪክ አይቭስ መሥመሮቹ የሚቋረጡበትን መስታወት ሠራ፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያም በፊላደልፊያ የነበሩት ወንድማማቾች ሉዊስና ማክስ ሌቪ እንዲህ ያለውን መስታወት በትክክል እየቀረጹ ለገበያ አቀረቡ። ከዚህ በኋላ ነጥብን የሚወልደው መረቡ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም በካሜራው ፊት የቆመው ሠራተኛ ያገኘው ነጻነት በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ በሚገባ አይነገርም። በኔጋቲቭ ላይ ሥዕሉ ይገለበጣል። የሸማው ነጭ በኔጋቲቩ ላይ ጥቁር ነው፤ በጥቁሩም መካከል መርፌ እንደ ወጋቸው ያሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ በኋላ በወረቀት ላይ ትናንሽ ነጥቦች የሚሆኑት እነዚህ ቀዳዳዎች ናቸው። ሠራተኛው ዋናውን ብርሃን በመረቡ በኩል ከሰጠ በኋላ ሁለት ተጨማሪ ነገሮችን ማድረግ ይችላል። ነጭ ወረቀት በሥዕሉ ላይ ጋርዶ አጭር ብርሃን ቢሰጥ በጨለማው ክፍል ነጥብ ይበቅላል። መረቡን አውጥቶ ለአጭር ጊዜ ሥዕሉን ብቻውን ቢያስመታ ደግሞ በብሩሁ ክፍል ያሉት ቀዳዳዎች ይጠባሉ፤ የፈዘዘው ሥዕል ይነቃል፤ ነጩም ይጠራል። ይህ ሁለተኛው ዘዴ ብዙ የታተሙ ሥዕሎችን ከድንዛዜ አድኗል። ነገር ግን አንድ ሴኮንድ ሲያልፍ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ ስሱም ጥላ ከዚያ ወዲያ አይመለስም። አሲዱ በድንጋይ ላይ ያደርገው የነበረውን አሁን ብርሃን በፊልም ላይ አደረገው። ለማስታወቂያ ሥራ ቀዳዳዎቹን ሆን ብሎ መድፈን የተለመደ ሲሆን፤ ለሰው ፊት ግን የማይገባ ድፍረት ነው።

የኦፍሴት መኪና ታሪክ ብዙ ጊዜ የተጻፈ ስለ ሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። ሮበርት ባርክሌይ በ1875 በእንግሊዝ አገር በቆርቆሮ ላይ ለማተም ቀለሙን በመካከለኛ ልባስ ያስተላልፍ ነበር፤ በአሜሪካ አይራ ሩበል በ1904 ገደማ ወረቀት ሳይገባ ያለፈ እንደ ሆነ ከላስቲኩ የሚገኘው ኅትመት ከድንጋዩ ወይም ከፕሌቱ በቀጥታ ከሚገኘው የጠራ መሆኑን አስተዋለ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ላስቲኩ በሻካራ ወረቀት ላይ እንኳ ትንሿን ነጥብ ማስቀመጥ መቻሉ ነው። በእርሳስ ፊደልና በዚንክ ክሊሼ ጊዜ ረቂቅ መረብ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይፈልግ ነበር። ከእንግዲህ ወዲህ ግን ትንሿ ነጥብ ወረቀቱ ላይ ለመድረስ መንገድ አገኘች፤ ጥያቄው ፕሌቱ ላይ ትገኛለች ወይ የሚል ሆነ።

በመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት የነበረው ፕሌት ዚንክ ነበር፤ ከብረት ወይም ከመስታወት ኳሶችና ከሚፍቅ ዱቄት ጋር በውሃ እየተናጠ ይሻክራል። ሻካራነቱ ውሃ እንዲይዝ ነው። በዚህ ነገር ፕሌት ሠሪውና የመኪናው ሠራተኛ ሁልጊዜ ይጣሉ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። የመኪናው ሠራተኛ ጎድጎድ ያለ ሻካራ ይፈልጋል፤ ውሃ በደንብ ስለሚይዝና ነጩ ስለማያድፍ። ፕሌት ሠሪው ደግሞ ረቂቅ ሻካራ ይፈልጋል፤ ጎድጓዳው ሲሰፋ የ2 በመቶ ነጥብ በሁለት ኮረብታ መካከል ተሰባብሮ ይቀራልና። ነጩን የሚጠብቀው ሻካራነት ስሱን ጥላ ሲሰባብረው በዓይን ለማየት አጉሊ መነጽር ይበቃ ነበር።

በዚህ ዚንክ ላይ የእንቁላል ነጭና አሞኒየም ባይክሮሜት ተደባልቆ ይፈስስና በሚሽከረከር መሣሪያ ላይ እንዲደርቅ ይደረጋል። ከዚያም ኔጋቲቩ አየሩ በሚመጠጥበት የመስታወት ክፈፍ ውስጥ ተጣብቆ በካርቦን ቅስት መብራት ብርሃን ይመታል። ብርሃን ያገኘው ይጠነክራል፤ በቀለም ተቀብቶ በውሃ ሲታሽ ያልጠነከረው ይወጣል። አሠራሩ ቀላልና ርካሽ ነበር። ጉድለቱ ግን ሥዕሉ በብረቱ ላይ የተቀመጠ ስስ የእንቁላል ሽፋን መሆኑ ነው። ቀን በቀን የሚለዋወጥ ጠባይም ነበረው፤ ባይክሮሜት የተቀላቀለበት ሽፋን በጨለማ ውስጥም ቢሆን በራሱ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ሙቀትና እርጥበት ሲጨምር ይፈጥናል። ትናንት በትክክል የወጣው ፕሌት ዛሬ በዝናብ ቀን በዚያው ብርሃን ሲሠራ ነጩ አልጸዳ ይላል፤ ሠራተኛው አጥብቆ ያሻዋል፤ ሲያሸውም በመጀመሪያ የሚነሡት ትናንሾቹ ነጥቦች ናቸው። ፕሌቱ ተርፎ መኪና ላይ ቢወጣም በረጅም ሥራ ጊዜ ቀድመው የሚያልቁት እነርሱው ናቸው። የአንድ መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጂዎችና የመጨረሻ ቅጂዎች በሥዕሎቻቸው ብሩህ ስፍራ ሊለያዩ የሚችሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ቅጂዎችን እያነጻጸረ የሚሠራ ተመራማሪ ሊያስታውሰው ይገባል።

በ1930ዎቹ እየተስፋፋ የሄደው ጠልቆ የተበላ ፕሌት የሚባለው ስልት ነገሩን ገለበጠው። እዚህ ላይ በኔጋቲቭ ፋንታ ፖዚቲቭ፤ በእንቁላል ፋንታ የግራር ሙጫ ገባ። ሙጫው ከሱዳንና ከአካባቢው ቆላ አገሮች ግራር የሚለቀመው ያው ሙጫ ነው፤ የአውሮፓና የአሜሪካ ማተሚያ ቤቶች ያለዚህ የእኛ ሠፈር ዛፍ ፈሳሽ አንድ ፕሌት እንኳ ለማዘጋጀት ይቸገሩ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። ብርሃን የመታው ሙጫ ይጠነክርና ባዶውን ስፍራ ይሸፍናል፤ ሥዕሉ ያለበት ስፍራ በካልሲየም ክሎራይድና በላክቲክ አሲድ ፈሳሽ ይከፈታል፤ ብረቱ በጥቂት ማይክሮን ያህል በአሲድ ይበላል፤ በላካ ተሞልቶ ቀለም ይቀባል፤ በመጨረሻም የጠነከረው ሙጫ ታጥቦ ይወጣል። ነጥቡ በብረቱ ውስጥ ሥር ስለ ያዘ ፕሌቱ እጅግ ብዙ ቅጂ ይችላል።

ድርድሩ ግን አልቀረም። የነጥቧ ቦታ አሁን በሙጫው ውስጥ ያለች ትንሽ ጉድጓድ ናት። ብርሃኑ ከበዛ በፊልሙ ነጥብ ጠርዝ ሥር ሾልኮ ይገባና ጉድጓዷን ያጠባታል፤ መክፈቻው ፈሳሽ ካነሰ ጉድጓዷ ሳትከፈት ትቀራለች፤ ከበዛ ደግሞ ትሰፋለች። ነጩን የሚጠብቀው የጠነከረ ሙጫ ስለ ሆነ፤ ሙጫው አጥብቆ በጠነከረ ቁጥር ስሱ ጥላ ይታፈናል። አንድ የአቧራ ቅንጣት በፊልሙና በፕሌቱ መካከል ቢገባ እንኳ በዙሪያው ፊልሙ ከፍ ይላል፤ ብርሃንም ሥር ሥሩን ይገባል፤ በሰማዩ ላይ ምንም ነጥብ የሌለበት ክብ ይታያል። ጠልቆ የተበላ ፕሌት የሠሩ ሰዎች የክፍላቸውን ወለል በውሃ ያርሱ የነበረው ለንጽሕና ብቻ አልነበረም።

በዚህ ዘመን ስሱን ጥላ የሚጠብቀው ዋናው ሰው ግን ከፕሌት ሠሪው በፊት የሚገኘው ነጥብ አራሚው ነበር። ሆዋርድ ፋርመር በ1883 ያስታወቀው፤ ፌሪሳያናይድና ሃይፖ የሚደባለቁበት ፈሳሽ የፊልምን ጥቁረት ይበላል። ካሜራ የሰጠው ነጥብ ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ መካከሉ ጥቁር ሲሆን ዙሪያው እንደ ጭጋግ ይሳሳል። አራሚው በብሩሹ ፈሳሹን ሲያሳልፍ ጭጋጉ ይበላል፤ ጥቁሩ እምብርት ይቀራል፤ ነጥቡም ያንሳል። በዚህ መንገድ አንድ ሰው በመብራት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የጉንጭን ብርሃን ያነጣ፤ ሸማን ከሰማይ ይለይ ነበር። ወሰኑን ያለፈ እንደ ሆነ እምብርቱም ይሳሳል፤ በዓይን ሲታይ ነጥቡ አለ፤ ፕሌት ሲሠራ ግን ብርሃን አልፎት ይሄዳል። የዚህን ሙያተኛ ችሎታ ዝቅ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ሥራውን አላየውም። ሆኖም ሁለት አራሚዎች አንዱን ፊት ሁለት ፊት ያደርጉት እንደ ነበርና ልኩ በእጃቸው እንጂ በወረቀት ላይ ያልተጻፈ እንደ ነበር መካድም አይቻልም።

ልኩን በወረቀት ላይ የማስፈር ሥራ የተጀመረው ከሌላ ወገን ነው። በአሜሪካ በ1924 የተቋቋመው የሊቶግራፊክ ቴክኒካል ፋውንዴሽን ባለ ደረጃ የፊልም ቁራጭ አዘጋጀ። ቁራጩ 21 ደረጃዎች ሊኖሩት ይችላሉ፤ እያንዳንዱ ደረጃ ከፊተኛው በ0.15 ጥቁረት ይበልጣል፤ ይህም ማለት ብርሃኑን በ1.4 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። በፕሌቱ ጥግ ከሥራው ጋር አብሮ ብርሃን ይመታል፤ ከታጠበ በኋላም እስከ ስንተኛው ደረጃ ድረስ ቀለም እንደ ያዘ ይቆጠራል። ዛሬ 6ኛው ደረጃ ላይ ከቆመ ነገም 6ኛው ላይ መቆም አለበት። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እርጥበትና ሙቀት በሽፋኑ ላይ ያደረጉትን ለውጥ በአንድ ቁጥር ማየት የተቻለው በዚህ ነው። አሌክሳንደር መሪ በ1936 ከጥቁረት ልክ የነጥብን ስፋት የሚያሰላ ቀመር አወጣ። ዩልና ኒልሰን ደግሞ በ1951 ብርሃን በወረቀቱ ውስጥ ስለሚበተን ነጥብ ከእውነተኛ ስፋቱ ይልቅ ተልቆ እንደሚታይ አስረዱ። ይህ የኋለኛው ሥራ ለፕሌት ሠሪዎች ፍርድ ነበር ለማለት እደፍራለሁ፤ ምክንያቱም በወረቀት ላይ የሚታየው ጥላ የፕሌቱ፤ የመኪናውና የወረቀቱ ድምር ስለ ሆነ፤ ጥፋተኛውን ለማግኘት ፕሌቱን ብቻውን መለካት እንደሚያስፈልግ ግልጽ ሆነ።

በ1950ዎቹ ከፋብሪካ ሽፋኑ ተቀብቶ የሚመጣው ፕሌት ገበያ ላይ ዋለ። ሽፋኑ የዲያዞ ውሑድ ሲሆን እንደ ባይክሮሜት በጨለማ አይጠነክርም፤ ለወራት ይቀመጣል። ሻካራነቱም እየረቀቀ ሄደ፤ በኤሌክትሪክ የተሻከረና የተደነደነ አሉሚኒየም ኳሱን አስቀረው። በዚህ ጊዜ ግን አትላንቲክ ውቅያኖስ ሁለት ልማድ ለየ። በአሜሪካ ኔጋቲቭ፤ በአውሮፓ ፖዚቲቭ ፕሌት በዛ። በኔጋቲቭ ፕሌት ብርሃኑ ነጥቡን ስለሚሠራ ጠርዙን አልፎ ያሰፋዋል፤ በፖዚቲቭ ፕሌት ብርሃኑ ባዶውን ስለሚያጸዳ የነጥቡን ጠርዝ ይላጨዋል። ስለዚህ አንዱ ሥዕል በሁለቱ አህጉራት ሲታተም በአንደኛው ስሱ ጥላ ጥቂት ከበደ፤ በሌላኛው ጥቂት ሳሳ።

በፖዚቲቭ ፕሌት ሥራ ላይ አንድ ልማድ በተለይ መጠቀስ አለበት። ገጹ የሚዘጋጀው ብዙ የፊልም ቁራጮች በትልቅ ፕላስቲክ ላይ ተለጥፈው ነበር። የየቁራጩ ጠርዝና የማጣበቂያው ወረቀት በፕሌቱ ላይ መሥመር ይተዋሉ። መሥመሩን ለማጥፋት ሠራተኛው ከዋናው ብርሃን በኋላ ብርሃን በታኝ ፕላስቲክ ጋርዶ እንደገና ያስመታ ነበር፤ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ከጠርዙ ሥር ገብቶ መሥመሩን ያጸዳል። ከትናንሾቹ ነጥቦች ሥርም ይገባል። ለብሩህ ስፍራ ከዚህ የከፋ ጠላት አልነበረም። በእርማት ብዙ ሰዓት የፈጀ ስስ ጥላ በዚህ የጥቂት ሴኮንድ ጽዳት ይሄድ ነበር፤ ያም ሆኖ ማንም ሠራተኛ እጁ ላይ ጥፋት አያገኝም፤ ፕሌቱ ንጹሕ ነውና። ጠንቃቃ ቤቶች ሥዕሉ ያለበትን ስፍራ በቀይ ፊልም ሸፍነው ጠርዙን ብቻ ያስመቱ ነበር፤ ይህ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ ደግሞ በማተሚያ ቤት ሁልጊዜ ያጥራል።

ይህን ስውር ጥፋት የሚያጋልጠው መሣሪያ የወጣው በስዊስ አገር ኡግራ በተባለው የኅትመት ምርምር ተቋም ነው። በ1982 የተሰየመው የኡግራ መለኪያ ባለ ደረጃ ጥቁረት ብቻ አይደለም፤ ከ4 እስከ 70 ማይክሮን ወርድ ያላቸው ረቂቅ መሥመሮችና ከ0.5 እስከ 5 በመቶ የሚሆኑ የትናንሽ ነጥቦች ሠንጠረዥ አሉበት። ብርሃኑ በበዛ መጠን በፖዚቲቭ ፕሌት ላይ ቀጫጭኖቹ መሥመሮች ተራ በተራ ይጠፋሉ፤ የ1 በመቶው፤ ከዚያም የ2 በመቶው ነጥብ ይከተላል። ሠራተኛው አጉሊ መነጽሩን አስጠግቶ የትኛው ነጥብ እንደ ቀረ ማንበብ ብቻ ይበቃዋል። ከዜነፌልደር ጀምሮ ነጩ መጽዳቱን ማየት ቀላል ነበር፤ ስሱ መበላቱን ግን ማየት ከባድ ነበር። አሁን ሁለቱ በአንድ ቁራጭ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ እርምጃ ከሌዘርም ይልቅ ይህ ነው።

ሌዘሩ የመጣው ፊልሙን ሊያስቀር ነው። በ1995 በዱሰልዶርፍ በተደረገው የድሩፓ ትርኢት ላይ ከኮምፒዩተር በቀጥታ ፕሌት የሚሠሩ መሣሪያዎች በብዛት ታዩ፤ በሙቀት የሚሠሩት ፕሌቶችም ከዚያ ወዲህ ተስፋፉ። ፊልም ሲቀር አቧራው፤ የቁራጭ ጠርዙ፤ ብርሃን በታኙ ፕላስቲክ አብረው ቀሩ። ብዙዎች የስሱ ጥላ ችግር አበቃ ብለው አሰቡ። የሆነው ግን ሌላ ነው። በኔጋቲቭ የለመዱ ቤቶች ፕሌታቸው ነጥብን ማስፋቱን ስላቆመ ሥዕሎቻቸው በድንገት ነጥተው ወጡ፤ ለአሠርት ዓመታት ጥፋት ይባል የነበረው መስፋት በካሜራ ክፍሉ ልማድ ውስጥ ተቆጥሮ ኖሯልና። መፍትሔው በኮምፒዩተሩ ውስጥ እርማት ማስገባት ሆነ፤ 2 በመቶ የተጠየቀው ስፍራ 3 በመቶ ሆኖ ወደ ፕሌት ይላካል። የነጥብ አራሚው ብሩሽ በቁጥር ሠንጠረዥ ተተካ፤ ብሩሹ ግን አንዱን ጉንጭ ብቻ ይነካ ነበር፤ ሠንጠረዡ ገጹን በሙሉ ይነካል። ሠንጠረዡን የሞላው ሰውም ሥዕሉን ሳያየው ይችላል።

ቁጥሩም የራሱ ወሰን አለው። በኢንች 2400 ነጥብ የሚጽፍ ሌዘር አንድ ምቱ 10.6 ማይክሮን ገደማ ነው። በሴንቲሜትር 60 መሥመር መረብ ላይ የ1 በመቶ ነጥብ እንግዲህ ከሁለት ወይም ከሦስት ምት አይበልጥም። ሁለት ምት ያላት ነጥብ አንድ ብትጨመርባት በግማሽ ታድጋለች፤ በመካከል ማረፊያ የለም። የፕሌት ማጠቢያው ፈሳሽም እንደ ቀድሞው አሲድ ነው፤ ሲበረታ ነጩን ያጠራል፤ ሲበረታም ሁለት ምት ያላትን ነጥብ ይወስዳታል፤ ሲደክም ደግሞ ነጩ ላይ ስስ ጉም ይተዋል። ስለዚህ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የመረብ ሠሪዎች ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ነጥቦችን በእኩል ርቀት ማስቀመጥ ትተው መጠናቸውን አንድ በማድረግ ብዛታቸውን የሚለዋውጡ መረቦች ወጡ። በ2000ዎቹም ሁለቱን የሚያዳቅሉ መጡ፤ ነጥቧ ፕሌቱ ሊይዛት የሚችለው ትንሹ መጠን ላይ ስትደርስ ማነሷን ታቆማለች፤ ከዚያ በታች ያለው ጥላ የሚሠራው ነጥቦችን እያራራቁ በመቀነስ ነው። ፕሌቱ የማይችለውን ነጥብ መጠየቅ ቀረ ማለት ነው።

ይህ ዘዴ በለስላሳ ወረቀት ላይ ሸማን ሸማ ያደርገዋል፤ በጋዜጣ ወረቀት ላይ ግን የተራራቁት ነጥቦች እንደ አሸዋ ይታያሉ። በመኪናው ላይ በቀለምና በውሃ ብቻ የሚከፈቱት፤ ማጠቢያ የሌላቸው ፕሌቶች ደግሞ ሥዕላቸው በብረቱ ላይ እጅግ የፈዘዘ ስለ ሆነ በመለኪያ ለማንበብ ያስቸግራሉ። በእነዚህ ላይ ትንሿ ነጥብ መኖሯ የሚታወቀው የመጀመሪያው ወረቀት ከመኪናው ሲወጣ ነው፤ የሚያየውም የመኪናው ሠራተኛ ነው፤ ውሃውን የሚጨምረውና የሚቀንሰውም እርሱ ነው።